አበበ ቢቂላ፣ የታኅሣሡ ግርግርና ሌሎችም፦ ስለ 1960 (እ.ኤ.አ.) ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዳንድ ዓመት በዝምታ ያልፋል። 1960 እንደዚያ አይደለም። ሮም ላይ ወርቅ አገኘን። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ መሀል ታንክና መትረየስ ተተኮሰ። በዚያው ዓመት 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጡ፤ እኛም ዛሬ ድረስ የምንዳኝበት ሕግ ታወጀ። ወላጆቻቸው «በሃምሳ ሦስቱ ጊዜ» ሲሉ እየሰሙ ያደጉ ብዙ ልጆች፣ በተለይ ውጭ አገር ያደጉት፣ ነገሩን ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አያውቁትም። ብዙ ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

1960 በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?

ሁለት ዓመት ላይ ያርፋል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 1952 ዓ.ም. ይጀምርና መስከረም 1 ላይ ወደ 1953 ዓ.ም. ይሻገራል። ስለዚህ አበበ ያሸነፈው በ1952 መጨረሻ ነው፤ የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ግን በ1953 ነው። ሰዎች በዚህ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የሚል ካላያችሁና የወሩ ስምም የእኛ ካልሆነ፣ ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ 15 ዓመት ሆኖት የለም እንዴ? ምን የቀረ ነገር ነበር?

ለእኛ ብዙ ነገር ቀርቶ ነበር። ጣሊያን በ1947 በፓሪስ በፈረመችው የሰላም ውል፣ ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስና 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተስማምታ ነበር። ካሣው ተጓቶ ተጓቶ፣ በመጨረሻ ከመጣው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራበት። ግድቡ በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። የተመረቀው በዚሁ በ1960 ሲሆን 43 ሜጋ ዋት ገደማ ኃይል ይሰጣል። ዛሬ ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ለዚያ ጊዜዋ አዲስ አበባና አካባቢዋ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሐይቁን የሚያዩ ተጓዦች፣ ውኃው በጦርነት ካሣ የተጠራቀመ መሆኑን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የአክሱም ሐውልት ግን አልተመለሰም። ሙሶሊኒ በ1937 አስጭኖ የወሰደው ሐውልት፣ ውሉ ከተፈረመ 13 ዓመት በኋላም ሮም መሀል፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ነገር ያዙት፤ አበበ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ አጥቶ ነው?

አይደለም። ይህ ወሬ መታረም አለበት፤ ድሉን የዕድል ነገር አድርጎ ያሳንሰዋልና። ሮም ላይ ጫማ ሞክሯል። የሞከራቸው ግን እግሩን አልተመቹትም። አገር ቤት በጫማም ያለ ጫማም ሲለማመድ የኖረ ሰው ስለነበር፣ ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክሮ ያለ ጫማ ለመሮጥ ወሰነ። የታሰበበት ውሳኔ ነበር።

መጀመሪያ ትልቅ ተስፋ የተጣለው በዋሚ ቢራቱ ላይ ነበር። ዋሚ ሳይሄድ ቀረና አበበ ገባ። ሌላው ሯጫችን አበበ ዋቅጅራ 7ኛ ወጥቷል። የአንደኛው ድምቀት ስለጋረደው እንጂ፣ በዚያ ውድድር 7ኛ መውጣት ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው፤ ስሙ በመዘንጋቱ አዝናለሁ።

ውጤቱ በቁጥር ምን ይመስል ነበር?

አበበ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነው። በጊዜው ማንም በማራቶን ከዚህ ፈጥኖ አያውቅም። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ በ1958 ካስመዘገበው የተሻለው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ነው። ከኤሚል ዛቶፔክ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ጋር ሲነጻጸር ግን ወደ 8 ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት አለው። ሁለተኛው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ፤ ሦስተኛው የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ነበር። ማራቶን ላይ አንደኛና ሁለተኛ የአፍሪካ ልጆች! ነገሩ ዛሬ ስለተለመደ እንጂ ያን ጊዜ ይህን የጠበቀ ጋዜጠኛ አልነበረም።

አበበ 11 ቁጥር ለብሶ ነበር። ስለ ራዲ አስቀድሞ ተነግሮት ስለነበር በሩጫው መሀል 26 ቁጥር የለበሰ ሰው ይፈልግ ነበር። ራዲ ግን የለበሰው 185 ነበር። ስለዚህ አበበ ያን ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን አብሮት የሚሮጠው ሰው ራዲ መሆኑን አላወቀም።

በአክሱም ሐውልት አጠገብ አመለጠ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ተረት?

እውነት ነው። ሩጫው የተነሣው ከካፒቶል ኮረብታ፣ ያለቀውም በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የኦሊምፒክ ማራቶኖች ወይ መነሻቸው ወይ መድረሻቸው ስታዲየም ነበር፤ ይህኛው ግን ሁለቱንም ውጭ አደረገው። የተጀመረው ከሰዓት በኋላ፣ የሮም ሙቀት በረድ ሲል ነው። ስለዚህ ሲያልቅ ጨልሞ ነበር። በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር።

አበበና ኒስካነን አስቀድመው መንገዱን አይተውታል። ሐውልቱ የቆመው ከመጨረሻው ከ2 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ከእሱ አልፎ ትንሽ ዳገት አለ። ለማምለጥ የመረጡት እዚያን ቦታ ነው። አበበ እዚያ ሲደርስ ተፈተለከ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም።

አሁን ነገሩን አስቡት። በ1936 አዲስ አበባን የያዘችው ሮም ናት። የሮም ወታደር ችቦ ይዞ ያበራል። ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልት ከመንገዱ ዳር ቆሟል። የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ አጠገቡ ያልፍና የዓለምን ሯጭ ሁሉ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ድል በተጻፈ ቁጥር ሜዳሊያው ይወራል፤ ለእኔ ግን ከሜዳሊያው እኩል የሚያኮራኝ ያ ዳገት ነው። ሐውልቱ ወደ አክሱም የተመለሰው በ2005 ነው፤ ቆሞ የተመረቀው ደግሞ በ2008።

ያን ቀን አዲስ አበባ ምን ትመስል ነበር?

ዕለቱ ጳጉሜ 5 ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ሩጫው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 1፡30 ላይ ተጀምሮ ያለቀው ወደ 3፡45 ገደማ ነው። ሮም በአውሮፓ ብዙ አገሮች በቀጥታ በቴሌቪዥን የታየ የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ነበር። እኛ ጋ ግን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ድሉን በዓይኑ አላየም፤ በሬዲዮ ሰማ፣ በጋዜጣ አነበበ፣ ከሰው አፍ ተቀበለ። አበበ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ሸለሙት፤ የአስር አለቃነት ማዕረግም አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በጫማ ሮጦ ድሉን ደገመው።

በማግሥቱ፣ በመስከረም 1 ቀን 1953 ምን ተጀመረ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በኑሯችን ላይ የተወው ነገር ግን ከሩጫውም ይበልጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በዚያ ቀን ነው። የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952፣ በድል በዓል ዕለት ነበር። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። 3,367 አንቀጾች አሉት። የንግድ ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ፤ እሱ በ2021 በአዲስ ተተክቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን አብዛኛው ክፍሉ አሁንም ይሠራል። ቤት ስትሸጡ ወይም ስትገዙ፣ ብድር ስትዋዋሉ፣ ውርስ ስትካፈሉ ጠበቃው የሚጠቅሰው ይህንኑ ሕግ ነው።

ሁሉም አንቀጽ ግን ከሕዝቡ ጋር አልተዋሃደም። አንዱ ምሳሌ ስም ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ይላል። ሕዝቡ ግን እንደ ልማዱ በራሱና በአባቱ ስም ቀጠለ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ገብቶ ቅጽ ሲሞላ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ የአባቱን ይጻፍ የአያቱን ግራ የገባው ሁሉ፣ ይህ ጥያቄ በ1952 ዓ.ም. ሕግ ላይ መልስ እንደነበረው ቢያውቅ ይገረማል።

የጋብቻ ዕድሜውም ዛሬ ያስደነግጣል፤ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። ለሴቶችም 18 የሆነው በ2000 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አርባ ዓመት ፈጀ ማለት ነው፤ ለዚህ የታገሉ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል።

የታኅሣሥ ግርግር የሚባለው ምን ነበር?

ከታኅሣሥ 4 እስከ 8 ቀን 1953 የተካሄደ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛ (የንጉሡ ጠባቂ ጦር) አዛዥ ብርጋዲየር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ታናሽ ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ሥልጣን ለመያዝ ተነሡ። የጸጥታ ኃላፊው ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊስ አዛዡ ብርጋዲየር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም አብረዋቸው ነበሩ። ሚኒስትሮችንና መኳንንትን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰብስበው ያዙ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ። ራስ እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ተባለ።

የነገሩ ጠንሳሽ ግርማሜ ነው። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነበር። ወላይታ ላይ ገዥ ሆኖ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት በመስጠቱ ባለርስቶቹ ከሰሱትና ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ይህን ታሪክ ሳያውቁ የታኅሣሡን ነገር የሥልጣን ጥማት ብቻ አድርጎ መናገር ተገቢ አይመስለኝም። የሬዲዮ መግለጫው አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ወደፊት ሲራመዱ እኛ ወደኋላ ቀረን የሚል ነበር። ታኅሣሥ 6 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ።

ታዲያ ለምን ከሸፈ?

የጦር ሠራዊቱን አዛዦች አልያዙም። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ሌሎቹ አምልጠው አንደኛ ክፍለ ጦር ገቡና እዚያ ሆነው ጦሩን አስተባበሩ። አየር ኃይሉም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቆመ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ አድማውን የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጡ፤ ለምእመኑ ይህ ከመድፍ ያልተናነሰ ኃይል ነበረው። ከክቡር ዘበኛ ወታደሮች ብዙዎቹ ደግሞ በንጉሡ ላይ መነሣታቸውን ራሱ አያውቁም ነበር።

መጨረሻው ከባድ ነው። ጦሩ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲጠጋ፣ አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ በታገቱት ላይ ተተኮሰ። 15 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ፣ መኮንን ሀብተ ወልድና ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ አሉ። ሙሉጌታ ቡሊ ራሳቸው ክቡር ዘበኛን ያደራጁና ያዘዙ ሰው ናቸው። ጣሊያንን ለአምስት ዓመት በጫካ የተዋጉት ራስ አበበ በወገን ጥይት ማለቃቸውን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል። ለውጥ ፈላጊዎቹን የምታደንቁም ብትሆኑ ይህን ማለፍ አይቻልም።

ንጉሠ ነገሥቱ በአስመራ በኩል ተመለሱ። ግርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞተ። ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፤ ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 በአደባባይ ተሰቀሉ።

አበበና የታኅሣሡ ግርግር በምን ይገናኛሉ?

በክቡር ዘበኛ። ለእኔ የዚህ ዓመት ቁልፍ ይህ ነው። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ የወጣ ነው። የታኅሣሡም እሳት ከዚያው ቤት ተነሣ። ንጉሡን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ክፍል በዘመኑ ከአገሪቱ ሁሉ የተሻለ ትምህርት፣ የተሻለ ሥልጠናና ስለ ውጭው ዓለም የተሻለ ዕውቀት የነበረው ነው። ወደ ሮም የሄደ ሯጭም፣ «ለምን እኛ ወደኋላ ቀረን?» ብሎ የጠየቀ መኮንንም ከአንድ ሰፈር መውጣታቸው አያስገርምም።

ሙዚቃውም ከዚያው ነው። በ1960 የግል የሸክላ አሳታሚ አልነበረም፤ አምሃ እሸቴ ያን በር የከፈተው በ1969 ነው። ዘመናዊ ሙዚቃ የሚሰማው ከክቡር ዘበኛ፣ ከጦር ሠራዊትና ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ እንዲሁም ከሀገር ፍቅርና ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ነበር። ጥላሁን ገሠሠ በዚያን ጊዜ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ነው፤ ዕድሜው ገና 20። ብዙነሽ በቀለም ከዚያው ኦርኬስትራ ናት። ግርግሩ ሲከሽፍ ክፍሉ በሙሉ ተጠረጠረ። ከታሰሩት አንዱም ጥላሁን ነበር።

«የአፍሪካ ዓመት» የሚባለው ለምንድን ነው?

ከጃንዋሪ እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ 17 አገሮች ነፃ ስለወጡ ነው። ካሜሩን በጃንዋሪ 1 ጀመረች፤ ሞሪታንያ በኖቬምበር 28 ዘጋችው። 14ቱ ከፈረንሳይ እጅ የወጡ ናቸው። ሶማሊያ፣ ናይጄሪያና ኮንጎም በዚሁ ዓመት ነው። ጎረቤታችን ሶማሊያ ሰኔ 24 ቀን 1952 ባንዲራዋን ስትሰቅል፣ የኦጋዴን ጉዳይ ለአዲስ አበባ አዲስ ራስ ምታት ሆነ። ኮንጎ ደግሞ ወዲያው ስትታመስ፣ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ዘመቱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚያው ዓመት ምሥራቁን ከምዕራብ አፍሪካ ጋር ያገናኘ መስመር ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አዳራሽ እየተገነባ ነበር።

ደስታ ብቻም አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ ሻርፕቪል፣ መጋቢት 12 ቀን፣ የይለፍ ወረቀት ሕግን የተቃወሙ 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ።

ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን ፍርድ ቤት ከሳለች የሚባለው ትክክል ነው?

ትክክል ነው፤ የበለጠ ሊነገርለትም ይገባል። በሰኔ ወር ነፃ የአፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ኖቬምበር 4 ቀን ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በሄግ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ የዛሬዋ ናሚቢያ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በመንግሥታት ማኅበር ስም አደራ የተሰጣትን ምድር አፓርታይድ አስገብታበታለች የሚል ክስ ነው። ከሳሾቹ ሁለቱ የሆኑት የቀድሞው ማኅበር አባል ስለነበሩ፣ ለመክሰስ መብት ስለነበራቸው ነው። ያ ማኅበር በ1936 ኢትዮጵያን የከዳ ማኅበር ነው። ኢትዮጵያ በዚያው አባልነቷ ለሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ ቆመችበት።

በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ። አፍሪካ ተቆጣች። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው በ1990 ነው።

በተቀረው ዓለምስ?

ባጭሩ፦ በሜይ ወር ሶቪየት ኅብረት የአሜሪካን የስለላ አውሮፕላን መትታ ጣለች፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ውጥረትም ባሰ። በዚያው ወር ቺሊ ውስጥ በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ትልቁ፣ 9.5 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ። ሌዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራ። ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ተከራከሩ፤ በኖቬምበር ኬኔዲ ተመረጠ።

ይህን ዓመት የሚያስታውስ ቦታ ማየት እፈልጋለሁ። የት ልሂድ?

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ስድስት ኪሎ ሂዱ። ደም የፈሰሰበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከግርግሩ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም እዚያው ይታያል። አብዛኛው ጎብኚ የሚያየው መስቀሉንና ሥዕሉን ነው፤ እናንተ ግን ስለ አረንጓዴ ሳሎን አስጎብኚውን ጠይቁ። የአበበ መቃብር በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው።

ጣሊያን ያላችሁ ደግሞ ሮም ላይ ከፖርታ ካፔና ተነሥታችሁ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት በእግር ሂዱ። አበበ ያመለጠበት መንገድ ይኸው ነው፤ የድሉ 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ጽሑፍም እዚያው ጎዳና ላይ አለ። በ2010 የሮም ማራቶን አሸናፊው ሲራጅ ገና ለአበበ ክብር ጫማውን አውልቆ የመጨረሻዎቹን 300 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ገብቷል።